ለሁለት ሰው ሳይክል የተመረጠው ሞተር

የእህቴ ባል ጋሼ አንድ ጃንጥላ ለመግዛት ዝናቡ መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ ያጠና ሰው ነው። ላማው ፈልጌ አይደለም፤ እሱ ራሱ እየሳቀ የሚያወራው ነው። ጨርቁን በጣቱ እያሸ፣ ዘንጉን እያጠፈና እየዘረጋ፣ ከአንዱ ሱቅ ወጥቶ ሌላው ሲገባ ከርሞ በመጨረሻ ፀሐይ ወጣችበት። ሰፈሩም "አጣሪው" የሚል ስም አወጣለት። ድስት የሚገዛ፣ ጥርሱን የሚያስነቅል፣ ቤት የሚቀይር ሰው ሁሉ "እስቲ መጀመሪያ አጣሪውን ጠይቅ" ይባላል። ምክሩን ሰምቶ የተጸጸተ ሰው አላውቅም። ቸኩሎ የመጣ ግን አለቀለት፤ ጋሼ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ካልጀመረ አይሆንለትም።

ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን ኖረ። የሥራ ቦታው የረጃጅም ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ያሉት ትንንሽ ክፍሎች ነበሩ፤ የቅባትና የጋለ ሽቦ ሽታ ያፈናቸው፣ ሞተሩ ሲነሳ ወለሉ የሚንቀጠቀጥ። የሚገርመው ሊፍት የሚጠግን ሰው በሊፍት አይወጣም። የሚጠራው ሲበላሽ ነውና የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ በደረጃ ይወጣል። ጉልበቱ ያለቀው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው፤ ጉልበቱን የመለሰለት ግን የለም። ስለ ሥራው ሲያወራ ደስ የምትለው አንዲት ነገር ነበረችው። "ጥሩ ሊፍት ማለት" ይላል፣ "ውስጡ ያለው ሰው መንቀሳቀሱን እንኳ የማያውቅበት ነው። አይግፋ፣ አይሳብ፣ አያስብ። ቁልፏን ይጫን፣ በቃ።" ይህን ሲል ፊቱ ላይ የሚታየው ኩራት ልጅ የዳረ አባት ኩራት ነው።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ዓይኗ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ በመጨረሻ መብራት መብራቱንና መጥፋቱን ብቻ የምትለይበት ሆነ። ከዚያ በፊት መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር፤ ወደ ሥራ የምትሄደውም በሳይክል ነው፤ ያውም መኪና እየቀደመች። ዓይኗ ሲደክም እኛ ተረባረብንባት። ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ "ተይው፣ እኔ አለሁ"፤ ጫማዋን ልታስር ስታጎነብስ "አምጪ እግርሽን"፤ ሳህን ልታጥብ ስትል "ይሰበርና ይቆርጥሻል።" እኔ ከቤታቸው አጠገብ ልብስ ስለምሰፋ ቀኑን ሙሉ ወጣ ገባ እላለሁ፤ በገባሁ ቁጥር የሆነ ነገር ከእጇ ሳልቀማ አልወጣም። ስቀማትም ፈገግ ብላ ታመሰግነኝ ነበር። የወደድናት መስሎን ነው።

ባለ ሁለት ሰው ሳይክሉን ያመጣው ጋሼ ነው። ከብዙ ማጣራት በኋላ መሆኑን መናገር አያስፈልግም። ፊት እሱ ይቀመጣል፤ መሪው፣ ፍሬኑና ማርሹ በእሱ እጅ ነው። እትዬ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ሥራዋ መርገጥ ብቻ ነው። የፊቱንና የኋላውን ፔዳል በግራ በኩል አንድ ረጅም ካቴና ያስተሳስራቸዋል፤ አንዱ ካዞረ ሌላውም ይዞራል፣ አንዱ ከለገመ ሌላው በእግሩ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን በላይ ወዳለው የውሃ ማጠራቀሚያ ይወጣሉ። መንገዱ መጀመሪያ ደልዳላ ነው፤ ከእንጨት መሰንጠቂያው በኋላ ግን ግድግዳ የሚያክል ዳገት ይመጣል። እዚያ ሲደርሱ ጋሼ "ዳገት!" ብሎ ይጮሃል። ያኔ እትዬ ከፊቷ ያለውን የማይዞር መያዣ ጨብጣ ታጎነብስና በሁለት እግሯ ትይዘዋለች። የእሱ ጉልበት እንደሆነ ያለቀ ጉልበት ነው፤ ዳገቱን የምታወጣው እሷ ናት። አትክልት ሻጩ ሲያልፉ ባየ ቁጥር "የዚህ ሳይክል ሞተሩ ከኋላ ነው!" ብሎ ይለክፋቸዋል። ጋሼም "ምን ታረገዋለህ፣ እኔ ሹፌር ነኝ" ይላል። እትዬ ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ልብሷ በላብ ርሶ እየሳቀች ነው። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ያየኋት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው።

ያ ሁሉ ሳቅ እያለ ጋሼ የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር። ከኋላው ትንፋሿን ይሰማል። አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን እያሸ "ታለከልካለች" አለኝ።

"ማን?"

"እህትሽ ናታ። ዳገቱ ላይ ታለከልካለች። እኔ ፊት ተቀምጬ እየዘወርኩ ሸክሙን ሁሉ እሷ ላይ ጥዬዋለሁ። አንጀቴን ትበላኛለች።"

"ታዲያ ሞተር አትገጥምለትም?" አልኩት። ሰው ሲያዝን አንድ ነገር መባል አለበት ብዬ ነው።

አልኩና ተያዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዬን በላው። ክር መርፌ ውስጥ ሳስገባ አጠገቤ ቆሞ ያስረዳኛል። ሞተሩ ጎማው እምብርት ውስጥ የሚገባ አለ፤ ለመግጠም ቀላል ነው፤ ማርሽ ግን አይጠቀምም፣ ዳገት ላይ ሲጨንቀው ይግላል። ደግሞ መሐል ላይ፣ የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት ቧንቧ የሚገባ አለ፤ እሱ ጉልበቱን በካቴናው በኩል ስለሚልክ ሳይክሉ ባለው ማርሽ ሁሉ ይጠቀማል። "ሁለት ሰው ተጭኖ፣ ያ ዳገት ካለ፣ መሐለኛው ነው" አለ። እዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ለመድረስ ስንት ሱሪ እንዳሳጠርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የቧንቧውን ስፋት በካሊፐር ለካ፤ አላመነውምና ደግሞ ለካ። ባትሪው የት ይታሰር፣ ክብደቱ ወዴት ያዘንብል፣ ዝናብ ቢገባበትስ፤ አንድም ያላሰበው ነገር አልነበረም።

የመጨረሻው ምርጫ ቀን እኔም አብሬው ሄድኩ፤ የልብስ ዚፕ የምገዛበት ቦታ እዚያው ነው። የሳይክል መለዋወጫ ሻጩ ሁለት ሞተሮች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠለት። መልካቸው አንድ ነው።

"ልዩነቱ ሴንሰሩ ነው ጋሼ" አለው ሻጩ። "ይኼኛው የእግርዎን ጉልበት ይለካል። በደንብ ሲረግጡ በደንብ ያግዝዎታል፣ ካልረገጡ ዝም ይላል። ያኛው ግን ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው የሚያየው። በሕፃን እግርም ቢዞር ይጎትታል።"

"ሳይገፉት?"

"ሳይገፉት። እግርዎን ማዞር ብቻ ነው።"

ጋሼ ሳቀ። "ሊፍት ውስጥ የገባን ሰው ገመድ ሳብ ይሉታል እንዴ? ሰው ደክሞት ሞተር ሲገዛ፣ ሞተሩ መልሶ ከሰው ጉልበት ይጠይቃል?"

"ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ካለ እኮ እንደ ሰውዬው ነው" አለ ሻጩ። "መግፋት የሚወድ አለ፣ ማረፍ የሚወድ አለ።"

"ከኋላ ያለችዋ ደክሟታል። ከማረፍ ሌላ ምን ትፈልጋለች!" አለና መዞሩን ብቻ የሚያየውን መረጠ። ጃንጥላ መምረጥ ያቃተው ሰው ይህችን ለመወሰን ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ስለ እሷ እርግጠኛ ነበራ።

ሥራው ግን ያምር ነበር፤ መመስከር አለብኝ። ሞተሩን ከኋለኛው ፔዳል፣ ከእትዬ እግር ሥር ገጠመው። የግራው ካቴና ከሞተሩ ዘንግ ጋር እንዲስማማለት ቶርኖ ቤት ሄዶ ልዩ ቀለበት አስቀረጸ። ሽቦዎቹን በጨርቅ አስጠቀለለኝ፤ አንድም የተንዠረገገ ነገር የለም። ቅዳሜ ደረሰና ወጡ። ከሱቄ በር ላይ ሆኜ ሳያቸው ዳገቱን እንደ ቁልቁለት ነው የወጡት። አትክልት ሻጩ የሚለው ጠፍቶት እጁን ብቻ አውለበለበ።

ሲመለሱ ጋሼ የሚሆነውን አጥቷል። "ትንፋሿ ድምፁ እንኳ አልተሰማኝም!" አለኝ። እትዬ ከሳይክሉ ወርዳ ልብሷን አራገፈች። ልብሷ ደረቅ ነበር። "እንዴት ነው እትዬ?" አልኳት። "ጥሩ ነው" አለች። ጎንበስ ብላ ሞተሩን በእጇ ዳሰሰችና "ሞቋል" ብላ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሰበቡ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ነፋስ ነው፤ ሌላ ጊዜ ራሷን ያማታል፤ ደግሞ እንግዳ ሊመጣ ይችላል ትላለች። ክረምቱ ገባና ጭራሽ ሰበብም አላስፈለጋት። ሬዲዮዋን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ሳህን ይቀርብላታል፣ ሳህን ይነሳላታል። ጋሼ ችግሩ መቀመጫው ነው አለ። ሰፋ ያለ መቀመጫ አመጣ። ከዚያ ፔዳሉ ነው አለና ቀየረ። ሻጩን ጠየቀ፣ ቶርኖ ሠራተኛውን ጠየቀ፣ አትክልት ሻጩን ሳይቀር ጠየቀ። ዝናቡ ሲያባራ እትዬ የምትወዳትን ሱሪ ላሰፋላት ብዬ ስለካት ጭኗ አንሷል። ማስፋቱ ቀርቶ ማጥበብ ነበረብኝ። ያ ዳገቱን የሚያስጎነብስ እግር የት ገባ?

ጋሼ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ታቅፎ ሲመጣ ነው ደሜ የፈላው።

"ለመቀመጫው ትራስ ነገር ስፊልኝ" አለኝ። "ለስለስ ያለ ጨርቅ ካለሽ ደግሞ..."

"ጋሼ፣ እትዬን ጠይቀሃታል?"

"ምን ብዬ?"

"ለምን አልሄድም አልሽ ብለህ!"

ስፖንጁን አገላብጦ አየው። "ምን ጥያቄ ያስፈልገዋል? አይመቻትም ማለት ነው።"

"አገር ምድሩን ስትጠይቅ ከርመህ አጠገብህ የምትተኛዋን አትጠይቅም? በል ና!" ብዬ ክንዱን ይዤ ቤቱ ድረስ ጎተትኩት። ታላቅ ሰው አክባሪነቴን በዚያች ደቂቃ ረሳሁት።

እትዬ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጋሼ ፊቷ ቆሞ እንደ ተማሪ ጉሮሮውን ጠረገ። "ለምንድነው ሳይክሉን የተውሽው?" አላት።

መጀመሪያ "ምንም" አለች። ከዚያ ቆይታ፣ "በጨለማ ደረጃ አለ ብለህ ረግጠህ ታውቃለህ? ደረጃው ሳይኖር?" አለችው። "እንደዚያ ነው። እረግጣለሁ፣ ከእግሬ ሥር ምንም የለም። ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል። ሳይክሉ ይሄዳል፤ ግን እኔ አይደለሁም። ዕቃ ተጭኖ የሚሄድ ያህል ነው።"

"እኔ እኮ እንድታርፊ ብዬ..."

"አውቃለሁ። ሁላችሁም እንዳርፍ ብላችሁ ነው። ውሃዬን ትቀዱልኛላችሁ፣ ጫማዬን ታስሩልኛላችሁ፣ ዳቦዬን ትቆርሱልኛላችሁ። እግዜር ይስጣችሁ። ያ ዳገት ላይ ግን አንተ ያለ እኔ አትወጣም ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ሰው የምጠቅምበት ቦታ ነበረኝ።"

"ታለከልኪ ነበር" አለ ጋሼ። "ሰምቼሽ አዝኜ ነው።"

"እንዲያ ማለክለኬን እኮ ነበር የምወደው" አለች።

ጋሼ ስፖንጁን እንደታቀፈ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ሳይክሉ አጠገብ ቆመ። ተከትዬው ስወጣ ዓይኑ ረጥቦ ነበር። "ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እኔ" አለ፣ "አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ? መልሱን የማውቅ መስሎኝ። ሴትዮዋን ሊፍት ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘጋሁባት።" አላጽናናሁትም፤ እውነቱን ነው።

ጉልበት የሚለካውን ሞተር ለማግኘትም ጊዜ ፈጀ። ሻጩ ጨርሶት ነበርና እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። ጋሼ በየሁለት ቀኑ እየሄደ ሰውዬውን አስመረረው። ሲመጣ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ገጠመ፤ ቀለበቱን እንደገና አስቀረጸ። ያለ ሞተር መልሶ እንዳይተወው የእሱ ጉልበት አይፈቅድለትም፤ ሐኪሙ ዳገት እንዳያስብ ነግሮታል። "ይኼኛው እሷን ይሰማታል" ይለኛል መፍቻውን እያዞረ። "እሷ ስትረግጥ ይነሳል፣ እሷ ስትተው ይተዋል። ትዕዛዙ የእሷ ነው።" እትዬም አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ብሎን ታቀብለዋለች፤ በጣቷ እየለየች፣ አንድም ሳትሳሳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም "ተይው" አላላትም። ከዝናቡ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሳቅ የተሰማው ያኔ ነው።

ቅዳሜ እኔ ቀድሜ በታክሲ ወደ ላይ ወጣሁ። ሲደርሱ ላያቸው ጓጉቻለሁ። ውሃ ማጠራቀሚያው አጥር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀምሮ ያለውን ዳገት ቁልቁል ማየት እችላለሁ። ብቅ አሉ። ጋሼ "ዳገት!" ሲል እዚያ ድረስ ተሰማኝ። እትዬ አጎነበሰች። እንደ ድሮዋ መያዣዋን ጨበጠች፣ ትከሻዋ ግራ ቀኝ ሄደ። ሳይክሉ ግን ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ መጣ። የሞተሩን ድምፅ ለመስማት ጆሮዬን ጣልኩ፤ ምንም የለም። የፊት ጎማው መወላገድ ጀመረ። አሁን ወደቁ ስል ጋሼ ከመቀመጫው ብድግ አለ። በዚያ በደቀቀ ጉልበቱ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ መላ ሰውነቱን ፔዳሉ ላይ ጣለው። ሞተሩ እምም ብሎ ተነሳ። ከዚያ እስከ ላይ ድረስ እንዳልተቀመጠ ነው የወጣው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ደረስን!" አለ ገና እግሩ መሬት ሳይነካ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "አየሽ? አወጣሽን! ድሮም ያንቺ እግር..."

"አንተ ነህ የገፋኸው" አለች እትዬ።

"እኔማ መሪውን ብቻ..."

"ጉልበትህ ሲንቀጠቀጥ በፔዳሉ ሰማሁት።" ከሳይክሉ ወረደችና ጭኗን በሁለት እጇ ያዘችው፤ የሌላ ሰው ጭን ይመስል ዳሰሰችው። "በሙሉ ኃይሌ ነው የረገጥኩት። ሞተሩ ዝም አለኝ። ጉልበቴ የሚነሳለት ያህል አልሆነም።"

"ይመለሳል። ቀስ በቀስ በየሳምንቱ..."

"ምናልባት" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ያለ ቁጣ፣ የተቆጣች ብትሆን ይሻል ነበር፣ "አምና ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ እኔ አወጣህ ነበር" አለችው።

ጋሼ ከሳይክሉ ጎን መሬት ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያዘ። እሷም እየዳሰሰች መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች። "ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ" አለችው። "የኔ እግር እስከሚያደርሰን እንሄዳለን። ካልቻልኩ ዞረን እንመለሳለን።"

"እሺ" አለ።

ለእሱ ያጠራቀምኩት ስንት ነገር ነበረኝ። ክረምቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሳበስለው የነበረ፣ አንድ ቀን አፈስበታለሁ ያልኩት። ሁለቱን እንደዚያ መሬት ላይ ሳያቸው አንዱም ከአፌ አልወጣም። ይልቅ የያዝኩት ነገር ትዝ አለኝና ወደ እነሱ ሄድኩ።

"ብርቱካን ሸተተኝ" አለች እትዬ እጇን እየዘረጋች። "ስጪኝ እስቲ፣ እኔ ልላጠው።"

እኔ ግን እስኪመጡ ስጠብቅ ልጬው፣ ፍሬውንም አንድ በአንድ ለይቼ ሶፍት ላይ ደርድሬላት ነበር።